የልጄን ሐይቅ ስለመመለስ

ሐዋሳ፣ መጋቢት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመምሪያችን ኃላፊ ለአቶ ገብረጻድቅ፣
እንዲሁም በዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ለምታነቡ ሁሉ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን የሚያምዎት ተሻለዎት? ሲፈርምና ሲመራ የሚውለው እጅዎስ አልዛለም? እኔ ለልጄ ለዮርዳኖስ ጥቁር ከለበስኩ ስድስተኛ ወሬ ነው እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፈ ይህን ለመጻፍ ሦስት እሑድ ፈጅቶብኛል። ቢሆንም በመምሪያችን ከሚዞሩት ደብዳቤዎች ሁሉ ቀድሞ እንደሚደርስዎ አምናለሁ፤ የለጠፍኩት በገዛ እጄ ነውና።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ እኔ ይህን ሕንፃ ሃያ አንድ ዓመት ያጸዳሁ ሴት ነኝ። ልጄ ስለ ዓሣ ልትመራመር ኖርዌይ በሄደች ጊዜ የራሴ የፖስታ ሣጥን ስላልነበረኝ፣ የምትልክልኝ ፖስት ካርድ በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን እንዲመጣ ክቡርነትዎ ፈቀዱልኝ። ለዚህ ደግነት ያለብኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያው ካርድ ዮርዳኖስ ብስክሌት መልመዷን፣ በዝናብ ወድቃ ጉልበቷ መላጡን፣ ሰማንያ ዓመት የሚሆናት አሮጊትም በብስክሌት ስታልፋት ደውል እንደደወለችባት ጽፋልኝ ነበር። መዝገብ ቤቱ እንደ ማንኛውም ገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን መታበት። እርስዎም ጠርዙ ላይ «ለጠቅላላ አገልግሎት፦ አስፈላጊው ይፈጸም» ብለው መሩት። ጠቅላላ አገልግሎት «ክፍላችን ብስክሌት የለውም» ሲል መለሰው። ለአንድ የተላጠ ጉልበት ሁለት ቢሮ መጨነቁ እጅግ ነክቶኛል። ይህን ጽፌ ብልክላት ልጄ ስትስቅ ሰነበተች መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ በምትልከው ካርድ ሁሉ አራት ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ እየተወች፣ በትንንሽ ፊደል «ይህ ለጋሼ ገብረጻድቅ ነው» ትልበት ጀመር። ሳይቀየሙ ቦታውን ሞልተው ስለተጠቀሙበት አመሰግናለሁ።

2. ለፋሲካ ከጓደኞቿ ጋር በባቡር በረዶ የሸፈነው ተራራ ወጥታ፣ ከእንጨት በተሠራች ጎጆ አድራ፣ በረዶ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን እንደበላች የነገረችኝ ካርድ አምስት ቢሮ ዞሮ በአሥራ ዘጠኝ ቀኑ እጄ ገባ። የሰው ኃይል ክፍል «ሠራተኛዋ ያለ ፈቃድ ተራራ የወጣችበት ምክንያት ይጣራ» ብሎበት ነበር። ልጄ የመምሪያው ሠራተኛ ሆና አታውቅም። እኔ ግን ነኝና፣ በዚያ ሳምንት ግምገማ ላይ «ልጇ በሥራ ሰዓት ትዝናናለች» ተብዬ ሂሴን ውጫለሁ። ካርዱ ሲደርሰኝም ማንበብ አላስፈለገኝም፤ የሂሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በቃሏ ይዛው ስለነበር ደረጃ ስጠርግ ቆማ አነበነበችልኝ። ብርቱካኑን እንኳ አልረሳችም።

3. እዚህ ቁጥር ላይ እጄ ይዘገያል። በመስከረም፣ አንድ እሑድ፣ ዮርዳኖስ ዓሣዎቿን ትታ በትንሽ ጀልባ ሐይቅ ላይ ልትዝናና ወጣች፤ የዚያኑ ሐይቅ ሥዕል ያለበትን ካርድም ላከችልኝ። በሳምንቱ ድንገተኛ ሕመም ወሰዳት። ሬሳዋ ከካርዱ ቀድሞ ሐዋሳ ገባ።

ካርዱ ሲመጣ እኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። የመዝገብ ቤቱ አቶ ኩማ «እስክትረጋጋ ድረስ» ብሎ በግል ማኅደሬ አሰረው። ስለ አሳቢነቱ እግዚአብሔር ይስጠው። ተረጋግቼ ስጠይቀው ግን በማኅደር የታሰረ ሰነድ እንደማይወጣ፣ ደንቡም የእርስዎ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ። በምትኩ ፎቶ ኮፒ ሰጠኝ፤ «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» የሚል ማኅተም አለበት።

ክቡር ሆይ፣ ትክክል አይደለም። ልጄ «እማዬ፣ ውሃውን እዪው፣ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቃችን ዳር ሆነሽ የምታዪው ሰማያዊ ነው» ትላለች። እኔ የማየው ሐይቅ ጥቁር ነው። ጥቁር ደግሞ ከራሴ እስከ እግሬ ለብሻለሁ፤ የመምሪያው ተጨማሪ አላስፈለገኝም ነበር። እንደ ልማዷ በተወችልዎ ባዶ ቦታ ላይም «ታይቷል። ፋይል ይሁን።» ብለዋል። ስለ ልጄ ከጻፉት ሁሉ አጭሩ ይህ ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ይመለስልኝ። ብዙ እንዳይደክሙ ብዬ በዚህ ደብዳቤ ጠርዝ ላይ እኔም አራት ጣት ቦታ ትቼልዎታለሁ። «ይሰጣት» የሚለው ቃል በደንብ ይበቃዋል፤ በጣቴ ለክቼዋለሁ።

በየጠዋቱ እርስዎ የሚረግጡትን ደረጃ ጎንበስ ብዬ የምወለውል፣ ለምሪትዎ ያለኝ አክብሮት ከዓመት ዓመት የሚጨምር፣

ሽታዬ ደምሴ፣ የዮርዳኖስ እናት

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (ይህንንም በማኅደሬ እንዲያስረው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ መዝገብ ቤቱን ሰው ሳይገባ የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ፣ ቁልፉ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያድረው በእኔ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ነው። ካርዱ ያለበትን መደርደሪያም አቧራውን ስለማራግፍ አውቀዋለሁ። እስካሁን ያልነካሁት የልጄን የመጨረሻ ቃል በሌብነት ልቀበል ስላልወደድኩ ነው። ይህ አሳቤ የሚጸናው እስከ ዓርብ ድረስ ነው።