በየስምንት ሰዓቱ

ጥቅምት ፳፩፣ ሰኞ። ጧት 12፡10

የባለቤቴ የአያሌው ክኒን ተሰጠ፤ ልክ በ12። የልብ ትርታ 78። እግሩ አላበጠም። ቀጣዩ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከዚያ ማታ 4። የሐኪሙ ወረቀት «ጧት 1፣ ቀን 6፣ ከሰዓት 11» ይላል። ልጅ ነው፤ ሃያ አራትን ለሦስት ማካፈል አልተማረም። ሌሊቱን ሙሉ የታመመ ልብ ያለ ጠባቂ ሊያድር? በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ፤ በእኔ በኩል አንድም ሰዓት አላለፈም።

ግን ደረቱን መያዝ አብዝቷል። ከበር እስከ አጥር ሁለቴ ቆመ።

ጥቅምት ፳፫፣ ረቡዕ

ዛሬም ጾም ነው ብሎ እንቢ አለ። እስከ 9 ሰዓት አፉ ምንም አይገባም። ክኒን ምግብ አይደለም አልኩት። «የኔታ፣ አፍ ከገባ ገባ ነው» ይላል። ሲያበሽቀኝ የኔታ ነው የሚለኝ። አርባ ዓመት በዓባይ በረሃ አውቶቡስ ሲነዳ፣ በዚያ ሐሩር፣ ረቡዕና ዓርብ ውኃ ሳይቀምስ ደጀን ይወጣ ነበር። አሁን ሊታረም?

በ9 ዋጠ። ከዚያ የሰፈራችንን ዳገት አንዴም ሳይቆም ወጣ። እልህ ነው። ሊያሳየኝ ነው። ደብተሬ፣ ሰው በሰባ ስምንት ዓመቱ እልህ!

ጥቅምት ፳፰፣ ሰኞ። ሆስፒታል

ጧት 3 ሰዓት ጓሮ ወደቀ። ላብ። ፊቱ አመድ። ክኒኑን በ12 ሰጥቼዋለሁ።

ሐኪሙ እንዳለው ከልቡ ጡንቻ ከፊሉ ሞቷል። የሞተው አይመለስም። ለምን ሆነ? ዓርብ ለጾሙ ብሎ ክኒኑን ስለዘለለ። ለሐኪሙም፣ ለጠያቂውም ሁሉ እንዲሁ አልኩ። አያሌው ይሰማ ነበር።

ኅዳር ፪፣ ዓርብ

ትናንት ቤት ገባን። ዛሬ የንስሐ አባታችንን አስጠራሁ። እንዲከለክሉት። በሽተኛ ጾም አይገደድም ብለው ከለከሉት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እንግዲያ ራሴን በራሴ ነው የገደልኩት» አለ። ምሳውን አልነካም።

ትክክል ነው የሠራሁት።

ኅዳር ፭፣ ሰኞ። ከሰዓት 10

ክኒን አለቀ፤ ፋርማሲ ሄድኩ። ከወሎ የመጣችው ፋርማሲስት፣ ወ/ት ዘይነብ፣ ወረቀቱን አየች። ቀዩን ማን ጻፈው አለች። እኔ። ወንበር አወጣችልኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

እንዲህ አስረዳችኝ፦ ክኒኑ ብቻውን ብዙም አይሠራም። ሰውነት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ለውጦት ነው የደም ሥር የሚከፍት። ክኒኑ ፋታ ካልሰጠው ኢንዛይሙ ይጎዳል፤ ሥራውን ያቆማል። ሐኪሙ ሌሊቱን ባዶ የተወው ለዚህ ነው። ያው ኢንዛይም በልብ ጡንቻም ውስጥ አለ። ደም ተቋርጦ ሲመለስ የሚፈጠረውን መርዝ ያመክናል፤ ጡንቻው እንዳይሞት። እሱ ከደከመ ጡንቻው ራቁቱን ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተማርኩ። ኢንዛይም ሥራውን ሠርቶ እንደነበረ ይወጣል፤ ይህን ያልመለሰ ተማሪ አሳልፌ አላውቅም። እንዲያ አልኳት። «እማማ፣ ይሄኛው ይደክማል» አለች፣ ቀስ ብላ።

በእርስዎ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፣ ጥናቱም አላለቀም አለች። በእርስዎ ምክንያት አይደለም ግን አላለችም። ሐኪሙጋ ደወለች፤ ዛሬውኑ ወደ ቀድሞው ሰዓት ተመለሱ ብሏል።

ረቡዕና ዓርብ። ኢንዛይሙ ፋታ ያገኘው በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው። ዳገቱን የወጣው በጾሙ ነው። ጾሙን ነጠቅኩት።

ኅዳር ፮፣ ማክሰኞ

ክኒን በ1፣ በ6፣ በ11። ሰዓቱ ተለውጧል፣ ሌሊት ማረፍ አለበት አልኩት። ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይሄን እኔን ብትጠይቂኝ! ዓባይን ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ ገደል ነው። እግር እያነሱ ነው እንጂ፣ የኔታ።»

ሳቁን ጨርሶ ጠየቀኝ፦ ታዲያ እኔን የጣለኝ ጾሙ ነው? ብርድ ልብሱን አስተካከልኩ። ወጥ ሊያርብኝ ነው ብዬ ወጣሁ። እሳት አልነበረም።

ኅዳር ፯፣ ረቡዕ። ጧት 2

ክኒኑን በ1 ወሰደ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሌባ። ከዚያ አማተበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይቅር በለኝ ነው የሚለው፤ ሰማሁት። ሐኪሙ እንደ ባለፈው ያለ ሌላ ሕመም ከመጣ ልቡ አይችለውም ብሏል። ይህ ሰው ያላጠፋውን ተሸክሞ ሊሞት ነው። እኔ ደግሞ ቆሜ ትርታ እቆጥራለሁ።

ለንስሐ አባታችን ልኬ ነበር፤ እሳቸው ፊት ልናገር ብዬ። ማታ ነው የምመጣው አሉ። እስከ ማታ አልጠብቅም። ሊቆጣ ይችላል። ቁጣ ለልቡ ጥሩ አይደለም፤ እሱንም አስቤዋለሁ፤ ግን ይህኛው ሐዘንም ቀስ ብሎ ያንኑ ያደርጋል። ዘይነብን ጠይቄ ነበር፤ በዝግታ ይንገሩት፣ አጠገቡ ይቀመጡ አለች። እቀመጣለሁ።

ሸለብ አድርጎት ነበር፤ ነቅቷል። እየጠራኝ ነው። መግቢያ አላበዛም፤ የምለው ይህ ነው፦ አያሌው፣ አንተ አይደለህም፤ እኔ