መታወቂያዬን ለሠርጌ ቢያውሱኝ

ለተከበሩ የልብስ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ካዝናዎ የጠበቀ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። በየስብሰባው «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ስለሚሉን፣ እኔም እንደ ልጅ ደፍሬ፣ ጎረቤትም እንዲሰማው በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ። ላገባ ነውና ደስ ይበልዎ! ከደስታዬ በፊት ግን ምስጋናና ጥቂት ቅሬታ አለብኝ።

፩ኛ. ስቀጠር «እንዳይጠፋብሽ» ብለው መታወቂያዬን ካዝናዎ ውስጥ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። እውነትም አልጠፋም፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱ ያለ መታወቂያ አላጋባም ስላለ ሠርጌ ሁለቴ ተላልፏል፤ እጮኛዬም ሐሳቧን ቀየረች እንዴ እያለ ከስቷል፤ ያሳዝነኛል።

፪ኛ. ሌባ እንዳይገባብን በሩን ከውጭ ስለሚያስቆልፉልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እስካሁን አንድም ሌባ አልገባም። የወጣም የለም።

፫ኛ. ትርፍ ሰዓት በፈቃደኝነት ብቻ መሆኑ ያኮራናል። በሩ ከተቆለፈ በኋላ «የማይፈልግ ይሂድ» ሲባል እንኳን ሰው ዝንብም አልሄደች።

፬ኛ. በየሸሚዙ አንገት ላይ የምሰፋት ትንሽ ጨርቅ ባሕር ማዶ ላሉት ገዥዎች «በነፃ እጆች የተሰፋ» ትላለች። ነፃ ማለት ያልታሰረ ነው ወይስ ያልተከፈለው? መስመር ሦስት ላይ ያለን ሴቶች ተከራክረን ተከራክረን መስማማት አቅቶናል፤ አባት እያለ ልጅ አይፈርድምና እባክዎ ይፍረዱን።

ዝም አይነቅዝም ብለን ከርመን ነበር፤ ለካስ ይነቅዛል። ስለዚህ የገዛ መታወቂያዬን ለአንድ ቀን ብቻ እንዲያውሱኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ጣቷ በመርፌ፣ ልቧ በሠርግ የተያዘ፣
የመስመር ሦስት የአንገት ጨርቅ ሰፊ፣ ታዛዥ ልጅዎ

ግልባጭ፦
ሐሙስ ለጉብኝት ለሚመጡት ገዥዎች

ማሳሰቢያ፦ ለመልሱ አይቸኩሉ። እንግዶች በመጡ ቁጥር በሩን ከፍተው መታወቂያችንን ለማሳያ እንደሚያድሉን፣ ሲሄዱም እንደሚሰበስቡት ስለማውቅ ሠርጌን ሐሙስ አድርጌዋለሁ፤ መስመር ሦስትም በሙሉ ሚዜ ነው። ምናልባት ይህን አንብበው በሩንም ካዝናውንም እንደ ቆለፉ ቢውሉ በፍጹም እንዳይሳቀቁ፤ ሙሽራው ቁልፍ ቀራጭ ነው።