ከወንበሩ ጋር የወደቀው ስላይድ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን

ለእናቴ ልጅ፣ ከእኔ ይልቅ መልክ ለደረሳት ለታናሿ፤

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔን ችሎ የኖረው የላቦራቶሪ ወንበሬ ባለፈው ዓርብ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እግሩ ተሰብሮ በድንገት ማረፉን የማስታውቅሽ በከባድ ሐዘን ነው። ባልደረቦቼ በተገኙበት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተሸኝቷል። አለቃችን የሕይወት ታሪኩን ሊያነቡ አስበው ነበር፤ የንብረት ቁጥሩ ስለጠፋ ቀረ። እኔ ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ያወፈረኝ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል።

የሚያሳዝነው፣ ስወድቅ በእጄ የነበረው ያንቺ ስላይድ፣ ናሙናሽ የተቀባበት መስታወት ነው። ተሰብሯል። ሐኪምሽ "የድሮው ስላይድ ይላክልኝ" ማለቱ ደግ ነበር፤ ግን ስብርባሪ ልላክለት? ደሙ አልቆም አለኝ ብለሽ የጻፍሽውንም አንብቤያለሁ። ሁለቴ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ወደ ባሕር ማዶ ልትሄጂ ሳምንት ሲቀርሽ የሰጠሽውን የማህፀን በር ናሙና በገዛ ዓይኔ አይቼ፣ በገዛ እጄ "ያልተለመደ ሴል አልታየም" ብዬ ፈርሜያለሁ። ወረቀቱን አሳዪው። ፊርማዬ ያምራል።

እንዴት ያኔ አልታየም ካለሽ፣ ስላይድ ማንበብ ጋዜጣ ማንበብ አይደለም በይው። በአንድ ብጣሽ መስታወት ላይ እልፍ ሴል ተደራርቦ፣ ግማሹን ደም ሸፍኖት፣ ግማሹን ኢንፌክሽን አበላሽቶት ይመጣል። ክፉው ሴል ቀንድ የለውም። አስኳሉ ትንሽ ይገዝፋል፣ ትንሽ ይጠቁራል፤ በኢንፌክሽን የተቆጣ ጤነኛ ሴልም እንደዚያው ነው። ቁጡና ክፉ በአንድ እይታ ይለያሉ? አባታችንን ስንት ዓመት አይተነው መች ለየነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሥርዓት አለ። የጠረጠርነው ሴል አጠገብ በቀለም ነጥብ እናደርጋለን። ነጥብ ያለበት ለአለቃችን ይቀርባል፤ የሌለበት መሳቢያ ይገባል፣ ዳግም የሚያየው የለም። አለቃችን አይተው ምንም ካጡ በበሩ ብቅ ብለው "ዛሬ ጡሩምባ የነፋው ማነው?" ይላሉ። ያ ሰው ወሩን ሙሉ ስሙ ጡሩምባ ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በሳምንት አምስት ነጥብ ለምታስቀምጥ አንዲት ፈሪ ባልደረባዬ። ስታልፍ "ጡሩሩ" እንላት ነበር። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ስታለቅስ አገኘኋት፤ እዚያም "ጡሩሩ" አልኳት። ስመለስ አወራሁት፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አንቺ ናሙና በሰጠሽበት ሳምንት እኔ ሁለት ነጥብ አደረግሁ፤ ሁለቱም ኢንፌክሽን ሆኑ። ያወጣሁት ስም ለባለቤቱ ተመለሰ። ያቺ ፈሪ እንኳ፣ አንገቷን እንደደፋች፣ "ጡሩሩ" አለችኝ። ቀጥሎ የመጣው ያንቺ ስላይድ ነበር። እህቴን ባዕድ አያይብኝ ብዬ ከሁሉ ቀድሜ ወሰድኩት።

ያን ዕለት ማታ አንቺ ሻንጣሽ ላይ ተቀምጠሽ ሚዛን እንዳያልፍ ትጨነቂ ነበር። "ንጹሕ ነሽ፣ ሂጂ" አልኩሽ። አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?" አልሽ።

ሐሙስ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ስላይድሽን ከመሳቢያው አውጥቼ ለዚያችው ፈሪ ሰጠኋት። ዛሬ ምክትል አለቃ ናት፤ ፍርሃት እንዲህ ያሳድጋል። በማይክሮስኮፑ ረጅም ጊዜ አየች። ቀና ስትል "ጡሩሩ" ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትለኝ በወደድኩ።

"የማን ነው?" አለች።

"የእህቴ።"

ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

እግዚአብሔር ደሙን ያቁምልሽ። ለሐኪምሽ ከእኔ የተሻለ ዓይን፣ ከእኔ ያነሰ ምላስ ይስጠው። በባዕድ አልጋ ላይ ከጎንሽ የሚቀመጥ ደግ ሰው አይጣሽ።

ታላቅሽ

እርማት፦ ከላይ በሁለተኛው አንቀጽ ስላይዱ ተሰብሯል የተባለው ስህተት ነው። የተሰበረው ወንበሩ ብቻ ነው። ስላይዱ በጥጥ ተጠቅልሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። እንዲሁም በውጤት ወረቀቱ ላይ "ያልተለመደ ሴል አልታየም" የሚለው "ታይቶ፣ ነጥብ ተደርጎበት፣ ነጥቡ በፈረመችው አንባቢ እጅ በስፒሪት ተጠርጓል" ተብሎ ይነበብ። ነጥቡ በቀድሞ ቦታው፣ በግራ በኩል ከታች ጥጉ ላይ ተመልሷል። ሐኪሙ ከዚያ ይጀምር።