የአባዬ መኪና አዲስ ጋዝ

ሰኞ
ዛሬም ከባሌ ከተሾመ ጋር ተጣላን፤ በዚያው በመኪናው ማቀዝቀዣ፣ በኤሲ። አባዬ ያወረሰኝ ላንድክሩዘር ኤሲው ከሞተ ቆየ፤ የድሮው የኤሲ ጋዝ ደግሞ ከገበያ ጠፍቷል። ሐሙስ ተሾመ ቱሪስቶች ይዞ ወደ ዱስ መንደር ይወርዳል። ያለ ኤሲ አንሄድም ብለዋል። ኤሲ ሠሪው ጋሽ ማርቆስ በግልጽ ነገረን፦ "አዲሱ ጋዝ ኤሲው ውስጥ ካለው የድሮ ዘይት ጋር አይስማማም። መስመሩ ይታጠብ፣ ዘይቱና የመገጣጠሚያ ጎሚኒዎቹ ይቀየሩ። ያለዚያ አልሞላም።" ጊዜ ይወስዳል ሲለው ተሾመ ጥሎን ወጣ። አፈርኩ።

ረቡዕ
ተሾመ መኪናውን ሌላ ቦታ አሠርቶ መጣ። ቀዝቃዛ አየር!
"ዘይቱስ?" አልኩት።
"ሁሉም ተቀይሯል አስቴር። ባልሽን አታምኚም?"
አመንኩት። የነገውን ሸሚዙን ተኮስኩለት።

ዓርብ
ዱስ ሳይደርሱ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር አልዞር ብሎ ቀረ። እሱንና የሞተሩን ውሃ ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ጨሶ ተበጠሰ። እንግዶቹ በሌላ መኪና ሄዱ፤ የኛ በጭነት መኪና ተጎትቶ ወደ ከተማችን ጂንካ ገባ። ምን ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ "የአባትሽ ቁርጥራጭ ብረት!" ብሎ ጮኸብኝ፤ ጎረቤት እየሰማ። አባዬ በዚህ መኪና ሠርቶ ነው ያሳደገኝ። ተሾመንም ሹፌር ያደረገው እሱ ነው።  

ቅዳሜ
ብቻዬን ጋሽ ማርቆስ ጋ ሄድኩ። ኮምፕሬሰሩን ፈታው።
"አንድም ነገር አልተቀየረም። አዲሱን ጋዝ ዝም ብለው በላዩ ሞልተውበታል" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።
አዘነልኝ። ማዘኑ ይብስ አንገበገበኝ።
ቤት ገብቼ ተሾመን ጠየቅሁት። "እንግዶቹ አስቸኮሉኝ፤ ምን ላድርግ?" አለ። ይቅርታ የሚባል የለም። ስልኩን መነካካት ቀጠለ። የመኪናው መበላሸት እኮ አይደለም የሚያቃጥለኝ።

ማክሰኞ
ያገለገለ ኮምፕሬሰር ከአርባ ምንጭ በሚኒባስ አስመጣሁ። ጋሽ ማርቆስ መስመሩን ሲያጥብ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ዘይት፣ ጎሚኒ፣ ማጣሪያ፣ ቺንጋ፤ ሁሉንም ቀየረ። ከዚያ ውስጡ የቀረውን አየር በማሽን ስቦ አወጣና ጋዙን ሞላ። ተሾመ ብቅ አላለም።

ረቡዕ
ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ነዳሁት። ይሠራል።
ማታ ተሾመ እጁን ዘረጋ። "ቁልፉን አምጪ፤ ነገ ኮልቾ መንደር የሚሄዱ እንግዶች አሉኝ።"
"እኔ ነኝ የምነዳው።"
"አብደሻል?"
"መንጃ ፈቃድ አለኝ። ከፈለግህ ከጎኔ ተቀመጥ፤ ካልፈለግህ ቅር።"
በሩን በርግዶ ወጣ።  ጠዋት ይመጣ ይሆን? አላውቅም። ይምጣ ብዬ መመኘቴንም እንጃ። ነዳጅ ሞልቻለሁ።