የባለቤቴ አቻ

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ትዳሬ ሊፈርስ ነው፣ እትዬ። ባለቤቴ ሌላ ሴት ይዞብኛል፤ ቅናት አንጀቴን እየበላው ነው።

ሴትዮዋ ከድንበር ማዶ ያለች የሳንባ ሐኪም ናት። ባለቤቴ የሚሠራበት ጤና ቢሮና የወዲያኛው አገር ጤና ቢሮ አብረው መሥራት ሲጀምሩ፣ ለእያንዳንዱ ባለሙያ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው አጣመሩለት። ለእሱ የደረሰችው እሷ ናት። «አቻዬ» ይላታል። አቻዬ ደወለች፣ አቻዬ ልትመጣ ነው። ምን ማለት ነው ብዬ ብጠይቀው የመሥሪያ ቤት ቃል ነው አለኝ። እኔ አቻ ሲባል የማውቀው ለጋብቻ ነው!

ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን መተኛት ከጀመረ ሰነበተ፤ ያውም መስኮት ከፍቶ፣ በዚህ ብርድ! ብርጭቆውን ለይቷል። ልስመው ስል ፊቱን ያዞራል። ከስቶ ከስቶ ሱሪው ሁሉ ሰፍቶታል፤ ለማን ሊያምር እንደሆነ መቼ ጠፋኝ። ጠዋት ጠዋት ተደብቆ ቀይ ክኒን ይውጣል። ለጉልበት ነው አለኝ። እኔ ዘንድ ያልተፈለገ ጉልበት የት ሊውል ነው?

ባለፈው ሳምንት የሁለቱ ቢሮዎች ስብሰባ ላይ ቤተሰብም ተጠርቶ ነበርና ጸጉር ቤቴን ዘግቼ ሄድኩ። እሷ መድረክ ላይ ወጥታ የድሮ ታሪክ አወራች። መንግሥታት ወረርሽኝ ሲገባባቸው ይደብቁ ነበር አለች፣ ጎረቤት ሰምቶ ወደቡን እንዳይዘጋባቸው። ስንት ዘመን ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ ኖረው በስንት መከራ የተስማሙት፣ በሽታ የገባበት አገር ለጎረቤቱ ቶሎ እንዲናገር ነው አለች። የተደበቀ በሽታ ቀድሞ የሚይዘው ቅርብ ያለውን ነው ስትል ዓይኗን ከባለቤቴ ላይ አልነቀለችም። እሱም አንገቱን ደፋ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ! ጸጉሯ ደግሞ በመተኮሻ ያረረ ነው፤ ይህን በቅናት አይደለም የምልሽ፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ስንወጣ እጄን ይዛ፣ ልጅሽን ይዘሽ ክሊኒኬ ነይ፣ ሁለታችሁንም ልያችሁ አለችኝ። ለምን ብላት፣ እኔ መናገር አይፈቀድልኝም፣ እሱ ግን ሊነግርሽ ይገባል አለች። ድፍረቷን አየሽልኝ? ልጄን ምን ልታደርገው ነው? የእንጀራ እናቱ ልትሆን?

ቤት ገብተን አፋጠጥኩት። ብነግርሽ ትተዪኛለሽ አለኝና አለቀሰ። ማመኑ አይደል እንግዲህ?

እሄድላታለሁ። ለብሼ፣ አጊጬ፣ ልጄን ይዤ፤ ፊት ለፊት ትንገረኝ። ትናንት ተነሥቼ ነበር፤ ልጄ ሌሊቱን በላብ ተጠምቆ ሲያስል ስላደረ ተውኩት። ጉንፋኑ ለቀቅ ሲያደርገው እሄዳለሁ።

ከነልጆችሽ ክፉ አይንካብኝ፣ እትዬ። ደጅሽ በሳቅ የተሞላ ይሁን።

ያሳደግሻት ታናሽሽ