አባባ የጠበቁልህ ምስጢር

ይድረስ ለወንድሜ ለኃይለየሱስ ሐዲስ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ የሚያማርርህ ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህና ልጆችህ ደኅና ናቸው? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን ብዬ ልጀምርልህ ነበር። ግን ደኅና አይደለንም፤ እኔም በአንተ ተናድጃለሁ። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁም። ባቡር ላይ የሚሠራው ጎረቤታችን ኑሬ ጅቡቲ ሲደርስ ስለሚልክልኝ የልቤን እጽፋለሁ።

ስለ ቺካጎ ከንቲባ ምርጫ የጻፍክልን ደርሶናል። የአባባ ዓይን ስለደከመ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ጥቁር ሰው ያን የሚያህል ከተማ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ ስትል እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። ከሁሉ የገረማቸው ግን መጋረጃው ነው። ሰው ብቻውን ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ ይመርጣል፣ ማንን መረጥክ ብሎ የሚጠይቀው የለም ያልከውን እየደጋገምኩ እንዳነብላቸው አደረጉኝ።

በሰኔ የእድራችን ዳኛ ምርጫ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር የራሱን ሰው አብተውን ይዞ መጣና እሱን የምትደግፉ እጅ አውጡ አለ። እሱ ቆሞ እያየ እጁን የማያወጣ ማን አለ? አባባ ግን ብድግ ብለው፣ ልጄ ባለበት አገር ከንቲባ እንኳ በመጋረጃ ይመረጣል፣ እኛ ቀባሪያችንን በመጋረጃ ብንመርጥ ምን ነውር አለው አሉ። ጎረቤታችን አቶ ወዬሳም በኦሮምኛቸው ዱጋ ነው፣ እውነት ነው ብለው ደገፏቸው፤ ሰዉም እሳቸውን ከአብተው ጋር ይወዳደሩ ብሎ አጫቸው። ከድንኳኑ ጥግ አቡጀዲ ተጋረደ፣ ከጀርባው ማሰሮ ተቀመጠ። እማማ የቆሉት ባቄላና ሽምብራ ለየሰው አንድ አንድ ታደለ፤ ባቄላ ለአብተው፣ ሽምብራ ለአቶ ወዬሳ። አንዱን ማሰሮው ውስጥ ጥሎ ሌላውን እዚያው ቆርጥሞ መውጣት ነው። እንዲያ ስንስቅ ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለህ! ማሰሮው ሲገለበጥ ባቄላው በጣት የሚቆጠር ሆነ።

ሊቀመንበሩ የአድኃሪ ሥራ ነው ብሎ ምርጫውን ሰረዘ። ድንኳናችንን አስጠቅልሎ ወሰደ፣ አባባንም አሰራቸው። ምን አደረጉ? ሰረቁ? ሰው ገደሉ? ሰሞኑን ያቺ ደግ ጎረቤታችን ሽታዬ ስትሞት ለቀስተኛው በነሐሴ ዝናብ ሲበሰብስ ዋለ፤ በየወሩ ከጉሮሯችን ቀንሰን የገዛነው ድንኳን ቀበሌ መጋዘን ውስጥ አይጥ ይበላዋል። ይህ ሰውዬ የማይሞት መስሎታል እንዴ? ማን ሊቀብረው ነው?

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ፣ አንተ ራስህ ወረፋው ስለረዘመብህ ሳትመርጥ ወደ ቤትህ መመለስህን እንደ ዋዛ ጣል አድርገሃል። ዜግነት አግኝተህ፣ ከልካይ ሳይኖርብህ! ወረፋ ትለኛለህ? እኛ እኮ ለአንድ ኪሎ ስኳር ገና ሳይነጋ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ የምንሰለፍ ሰዎች ነን። ያቺን ነገር ለአባባ ላንብብ ብል ምላሴ እምቢ አለኝ፤ ዘለልኳት። እሳቸውማ ልጄ ከንቲባ መረጠ እያሉ ሰፈሩን ሲያዳርሱ ከረሙ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

ቀበሌ ሲመረምሯቸው፣ ያ አሜሪካ ያለው ልጅህ ማንን መረጠ ብለው ጠየቋቸው። አባባ አልጠየቅሁትም፣ ብጠይቀውም ሊነግረኝ አይገባም፣ የመጋረጃ ነገር ነው አሉ። በጥፊ መቷቸው። እንደገና ጠየቁ፣ እንደገና ያንኑ መለሱ። አሁን ተፈትተዋል፤ በግራ ጆሯቸው ግን አይሰሙም። ኃይለየሱስ፣ አባትህ ጆሯቸውን ያጡት አንተ ላልሰጠኸው ድምፅ ነው።

እማማ ጉንጭህን ስመውሃል፤ ስለ አባባ ጆሮ እንዳልጽፍልህ ለምነውኝ ነበር። ታናሽ እህትህ ሙሉብርሃን ልጆቹን ሳምልኝ ትላለች። አቶ ወዬሳ ከነቤተሰባቸው ሰላም ብለውሃል። አባባ በደኅናው ጆሯቸው በኩል አስጠግተውኝ፣ ሰላም በይልኝ፣ የሚቀጥለው ምርጫ መቼ እንደሆነ ይጻፍልኝ፣ ማንን እንደሚመርጥ ግን ለእኔም ቢሆን እንዳይነግረኝ ብለዋል።

እህትህ በላይነሽ ሐዲስ
ናዝሬት፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.