ተረከዙ ላይ ያሰፋኸው ቀዳዳ

የካቲት 9

ለምወድህ ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እኔና እማዬ ደህና ነን፤ እሷ ናፍቆቷን ልካልሃለች። የእኔን ሰላምታ እዚህ ላይ ልጨርስና ወደ ንዴቴ ልግባ። ስልክ ብታነሳልኝ ኖሮ ወረቀት ባልፈጀሁ ነበር።

አይደክሜን ለምን አባረርከው? ያን ሁሉ ዘመን የነዳጅ ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረን ሰው «ቧንቧዎቹን አቀያይሮ ስላወረደ ጉድጓዱ ውኃ ገባበት» ትላለህ? እኔ እኮ እዚያው ቆሜ ነበር! እያንዳንዱን ቧንቧ ከማውረዱ በፊት ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር። አንዴም አልተሳሳተም።

ማንን ነው የምናታልለው? ጉድጓዱ ወደ ታች ወርዶ፣ ታጥፎ፣ ነዳጁ ባለበት አለት ውስጥ አግድም ይተኛል። መታጠፊያው፣ ተረከዝ የምንለው፣ ስግብግብ ነው፤ ካልገደቡት ከሥር ያለውን ውኃ ስቦ ያመጣል፤ ጫፉ ጋ ያለው ነዳጅም እንደተኛ ይቀራል። ለዚህ ነው በየቧንቧው ላይ የፍሰት መቆጣጠሪያ የምንገጥመው፤ ቀዳዳው ተረከዙ ጋ ጠበብ፣ ወደ ጫፉ ሰፋ እያለ። ይህንን ማን አስተማረኝና! የጓሮውን የውኃ ጎማ በምስማር በሳስተህ «አየሽ፣ የቅርቡ ቀዳዳ ሁሉን ከጠጣው የሩቁ አትክልት በጥም ይሞታል» ያልከኝ አንተ አይደለህም?

ክረምቱን ሙሉ ያንን ንድፍ ስሠራ ከረምኩ። ከዚያ ለመክፈቻው እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ደወልክ።

«ቀዳዳዎቹን ሁሉ እኩል አስፊያቸው፤ ነዳጁ ሲንፎለፎል ይዩት።»

«ጋሼ፣ ውኃ ይገባል።»

«ሲገባ ያኔ እናያለን። አንቺ ደግሞ ነገር አታካብጂ!»

እምቢ ብልህ ሰፋፊዎቹን ከዋናው መጋዘን አስጭነህ ላክህ። አይደክሜ የታዘዘውን አወረደ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ አንተም ተሸለምክ። ብዙ ሳይቆይ ጉድጓዱ ውኃ ይተፋ ጀመር። መሬት ውስጥ የገባን ቧንቧ ደግሞ ቀዳዳህን አጥብብ ቢሉት አይሰማ! ያኔ እናያለን ያልከው ቀን ሲመጣ ጥፋቱን በሰውዬው ላይ ላከክኸው።

ትናንት ቤቱ ሄጄ ነበር። ልጆቹ እንዳይሰማቸው ይቀልዳል፣ ይስቃል፤ ሻዩን ግን አልነካውም። ሚስቱ በር ድረስ ሸኝታኝ «ወንድምሽ እውነቱን ያውቃል?» አለችኝ። እንዲያ አንገቴን የደፋሁበት ቀን የለም።

የኩባንያው ባለአክሲዮኖች የላኳቸው መርማሪዎች ሰኞ ይጠሩኛል። «ዝም ካለች ዕድገቷ አይቀርም» ብለህ በሰው አፍ ልከህብኛል። ለእኔ! ለገዛ እህትህ! ዕድገቱን ለሚርበው ስጠው። ማን አዘዘ ብለው ከጠየቁኝ፣ ወንድሜ ነው እላለሁ። እየመረረኝም ቢሆን እላለሁ።

ቀድመህ መጥተህ ራስህ ብትነግራቸው ግን ከጎንህ እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ ቢሸሽህ እንኳ ከዚያ ወንበር አልነሣም።

ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ዛሬም ለጎረቤት ስለ ሽልማትህ ስታወራ ነው የዋለችው።

አምላክ ልብ ይስጥህ፤ መንገድህንም ያቅናልህ። የእሑዱ አውቶቡስ ከመሸ ነው የሚገባው፤ አልጋህን አንጥፌልሃለሁ።

አኩርፋም የምትወድህ፣
ታናሽ እህትህ